የተጋረደው ትራክተር

ነገሩ የሆነው በሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ በግንቦት መጨረሻ ነው። ያኔ ናዝሬት ተቀምጬ የእርሻ ሞተር እጠግን ነበር። ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ ከያዝሁ ሰባት ዓመት ሆኖኝ ነበር፤ በእነዚያ ዓመታት ከሞተር ጋር የተነጋገርሁትን ያህል ከሰው ጋር አልተነጋገርሁም ብል ማጋነን አይሆንም። ዛሬ መቂ፣ ነገ አርሲ ነገሌ እላካለሁ። ወደ ኪራይ ቤቴ ስመለስ አከራዬ እንኳ «ማነህ?» እያለች ነበር በር የምትከፍተው። እንዲህ ያለ ሰው አድማጭ ካገኘ አይለቅምና፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ ምላሴ ቢረዝም አንባቢ ይታገሠኝ።

የዚያን ዕለት በአብዱናሲር ካሚዮን መለዋወጫ ጭነን ወደ መቂ ስንወርድ፣ ቆቃን አለፍ እንዳልን ጎማ ፈነዳ። ትርፉ ጎማም የተበሳ ነበር። አብዱናሲር ችኮላ የማያውቅ ሾፌር ነው፤ ትርፉን ጎማ በአላፊ መኪና ጭኖ ሊያስለጥፍ ወደ ሞጆ ተመለሰ፣ እኔ ጭነት ጠባቂ ሆኜ ቀረሁ። ፀሐዩ ሲበረታ ከመንገዱ ዳር በእሾህ ወደታጠረ አንድ ግቢ ውሃ ልለምን ተጠጋሁ። ከአጥሩ ወዲያ የብረት መንቋቋትና የሰው ማለክለክ ሰማሁ። ነውር መሆኑን እያወቅሁ በእሾሁ መሐል አየሁ።

አንድ ሽማግሌ ከአሮጌ ጣሊያን ሠራሽ ትራክተር ፊት ቆመው በእጅ ማስነሻውን ብረት፣ ማኖቬላውን፣ ያሽከረክራሉ። ከሞተሩ አናት የተነሳ ሲባጎ በአየር ላይ ተዘርግቶ ጥርሳቸው መሐል ገብቷል። የዚህ ዓይነቱን ሞተር ለማስነሳት ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ማኖቬላውን ሲያዞር ሌላው ልክ ሲፈጥን ከላይ ያለችውን ትንሽ ማንሻ ይጥላል። ሽማግሌው ሁለተኛ ሰው ስለሌላቸው ማንሻዋን በጥርሳቸው ይጎትታሉ። አዞሩ፣ አንገታቸውን ወደ ኋላ ሳብ አደረጉ፤ ሞተሩ አንድ ጊዜ እንኳ አላሳለም። እኔ በሙያዬ ብዙ ነገር አይቻለሁ፣ እንደዚያ ያለ ብቸኝነት ግን አላየሁም። ልቤ ተነካ።

ሲያዩኝ ሲባጎውን ከአፋቸው ጥለው መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ሰሌን አንስተው ትራክተሩን መሸፈን ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ሰላምታ የመጣው።

«አከም ቡልቴ፣ ልጄ። ምን ፈልገህ ነው?»

ውሃ እንደምፈልግ ተናገርሁ። ከአጥሩ ውጭ አጠጡኝ። ሞተር ጠጋኝ መሆኔን ብነግራቸው ከመደሰት ይልቅ ፊታቸው ጨለመ፤ ቢሆንም ሰው ያጡ ናቸውና ደጅ ካለው ግራር ጥላ ሥር ተቀምጠን ወጋችን ቀጠለ።

ስማቸው ወዬሳ ነው፤ አገሩ ኦቦ ወዬሳ ይላቸዋል። በባላባቱ ዘመን የሰው ትራክተር ሲነዱ ኖረው፣ በኋላ በሬዎቻቸውን ሸጠው ይህንኑ አሮጌ ገዙ። መሬት ላራሹ ሲታወጅ መዝጋቢዎች መጥተው አዩትና፣ «ይህ ብረት ነው እንጂ ትራክተር አይደለም» ብለው ትተውላቸው ሄዱ። ኦቦ ወዬሳ ይህን ሲናገሩ እስከ ዛሬ ቅር ይላቸዋል። ማንሻዋን የምትጥለው ተሻለች የምትባል ባለቤታቸው ነበረች። እሷ ከሞተች አራት ዓመት ሆነ፤ ልጅ የላቸውም። ከዚያ ወዲህ ሲባጎው መጣ። ማኖቬላው በድንገት ወደ ኋላ ሲመልስ ሁለት የፊት ጥርሳቸውን ነቅሏል።

ትራክተሩ የቆመው ግን ከሁለት ዓመት በፊት ነው። አሁን ጭንቁ ይህ ነበር፦ በሬ የለም፤ ትራክተሩ አይነሳም፤ መሬታቸው ሁለት ክረምት ጦሙን አድሯል። ገበሬ ማኅበሩ «ዘንድሮ ካልታረሰ ለሚያርሰው ይሰጣል» ብሎ ቆርጧል፤ ሰኞ ሊለኩት ይመጣሉ። የተገናኘነው ዓርብ ነው።

«ታዲያ ጠጋኝ ለምን አላስጠሩም?» አልኋቸው።

«የጠጋኝ ሥራ አይደለም። ዓይን ነው የበላው።»

ማን እንደበላውም ነገሩኝ። ከመንገዱ ማዶ የምትኖር እልፍነሽ የምትባል መበለት አለች። ትራክተሩ የቆመ ዕለት ውሃ ቀድታ ስትመለስ ቆም ብላ፣ «ድምፁ እንዴት ያምራል» አለች፤ እትፍ እትፍ አላለችም። ትራክተሩ አምሳ እርምጃ ሳይሄድ ቀጥ አለ። ኦቦ ወዬሳ የሆነውን ለመንደሩ ነገሩ፤ ፈረዱ ማለት ይሻላል። ጠበል ረጩ፣ መሪው ላይ ክታብ አሰሩ፣ ግቢውን በእሾህ አጥረው ትራክተሩን በሰሌን ጋረዱ። እልፍነሽም ከዚያ ወዲህ በእድር ቀን ከድስት ርቃ ትቀመጣለች፤ እናቶች ልጆቻቸውን በደጇ አያሳልፉም። ጥጃ የወለደች ላም በመንገድ ስትነዳ ካየች፣ ሰው ሳይናገራት እሷው ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ግድግዳ ትዞራለች። ይህን ሁሉ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ሲነግሩኝም ለክፉ ዓይኗ ማስረጃ አድርገው ነበር።

ተማርሁ የሚል ሰው እዚህ ላይ መቆጣት ይወዳል። እኔም ተቆጣሁ፣ ግን በሽማግሌ ላይ ድምፅ ማንሳት አልተማርሁምና በጥያቄ ጀመርሁ።

«ያን ቀን ሰልባቲዮው ውስጥ ስንት ናፍጣ ነበር?»

«ጭላጭ ነበረች። ናፍጣ በወረፋ መሆኑን አንተ ታውቃለህ።»

«አለቀ ማለት ነው።»

«አለቀ። እኔ ሞኝ አይደለሁም፤ ወዲያው ቤት ያለኝን ጨመርሁበት። አልተነሳም። ናፍጣ እያለው የማይነሳ ሞተር ምን ይባላል?»

እውነት ለመናገር ክርክሩ የሞኝ አልነበረም። ያልተነገረውን ነገር ሰው ከየት ያመጣዋል? አሥራ አራት ዓመት ሲነዱ ናፍጣ አስጨርሰው አያውቁም፤ የሠሩበት እርሻ ሞልቶ የተረፈው ነበር። እጥረቱ ያመጣውን ጥፋት ዓይን አደረጉት።

«ከበርሜል በጎማ ናፍጣ ስበው ያውቃሉ?» አልሁ።

«ስንት ጊዜ።»

«ጎማው መሐል ላይ አየር ቢገባስ?»

«ይቆማል። እንደገና በአፍ መሳብ ነው።»

«እንግዲያው ይኸው ነው። ሰልባቲዮው ሲደርቅ አየር ወደ ቱቦው ገባ። ከላይ ናፍጣ ቢጨመርም አየሩ መንገዱን ይዞ አላሳልፍ አለ። ቱቦው ላይ ያለችውን ቡሎን ላላ አድርጎ አየሩን ማስወጣት ብቻ ነው።»

ኦቦ ወዬሳ ቀጥለው ያሉትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

«እሺ፣ አየር ይሁን። አየሩ ለምን በዚያች ቀን፣ በዚያች ሰዓት ገባ?»

«ናፍጣው ያለቀው በዚያች ሰዓት ስለሆነ ነው። እልፍነሽ ባትቆምም ያልቅ ነበር። ከገዙት ጀምሮ ትራክተርዎን ስንት ሰው አይቶ አደነቀ? ያ ሁሉ ዓይን የት ገባ?»

«አየርን አይተኸው ታውቃለህ?»

«ዛሬ አብረን እናየዋለን። ሲወጣ አረፋ ይሠራል።»

መርታቴን አውቄ ደስ አለኝ። እሳቸው ግን ከተቀመጡበት ተነስተው ወደ አጥሩ ሄዱና ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቆሙ።

«ተወው ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። «አይነሳ። ይቅር።»

«መሬትዎስ?»

«ይውሰዱት። አሁን አንተ ቡሎን ፈትተህ ብታስነሳው እኔ ምን ልሆን ነው? ሁለት ዓመት ሙሉ ያቺን ሴት ከሰው ለይቻታለሁ። ለተሻለች ስምንት ቀን ሙሉ ያለቀሰችላት እሷ ናት። ዓይን ከሆነ ጥፋቱ የእሷ ነው። አየር ከሆነ ግን የእኔ ነው።»

እኔ ስለ ናፍጣና ስለ ቱቦ ስለፈልፍ እሳቸው ያሰቡት ሌላ ነበር። አፈርሁ። ትምህርት ቤት ሞተር እንዴት እንደሚነሳ አስተማሩን እንጂ፣ ሰው የበደለውን ማየት እንዴት እንደሚከብደው አላስተማሩንም። የመጣልኝን ተናገርሁ።

«ኦቦ ወዬሳ፣ ትራክተሩ ባይነሳም አየር መሆኑን ሰምተዋል። ከእንግዲህ እልፍነሽን ባዩ ቁጥር ያውቁታል። ሳይነሳ ከቀረ መሬትዎ ይሄዳል፣ እሷም ስሟ እንደጠፋ ትቀራለች። ከተነሳ ግን እርስዎ አንድ ቀን ያፍራሉ፣ እሷ ትድናለች። የአንድ ቀን ሐፍረት ይህን ያህል ውድ ነው?»

ወደ ግቢው ገቡና ሰሌኑን ገፈፉት።

አብዱናሲር በቀትር የተለጠፈውን ጎማ ይዞ ተመለሰ። ነገሩን ስነግረው አንድ ጀሪካን ናፍጣ ሳያንገራግር ሰጠ፣ ጎማውን ገጥሞም ካሚዮኑን አስጠግቶ በፍሬኑ አየር የትራክተሩን ጎማዎች ነፋልን። የቆየውን ናፍጣ ደፋን፣ ፊልትሮውን አጠብን፣ አዲሱን በንጹሕ ጨርቅ አጥልለን ሞላን። ቡሎኗን በመፍቻ አላልቼ የእጅ ፖምፓውን ገፋ ገፋ አደረግሁ። መጀመሪያ ምንም አልወጣም። ቀጥሎ ነጭ አረፋ እየተንተከተከ ወጣ። ኦቦ ወዬሳ አንገታቸውን አስግገው አዩ፤ ጣታቸውን ሰደው አረፋውን ነኩት። አረፋው አልቆ ጥሩ ናፍጣ ሲፈስ ቡሎኗን አጠበቅሁ።

ማኖቬላውን ሲይዙ ሲባጎውን ከልማድ ወደ አፋቸው አስጠጉ። «ማንሻዋን ለእኔ ይተዉልኝ» አልሁ። ሲባጎውን በመዳፋቸው ይዘው ቆዩ። የማን ቦታ ላይ እንደምቆም አውቄዋለሁ፣ ስለዚህ አላጣደፍኋቸውም። በመጨረሻ ሲባጎውን ፈቱት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ አዞሩ፤ ማንሻዋን ጣልሁ። ጥቁር ጭስ ተፋና ምድሩን እያንቀጠቀጠ ተነሳ። አብዱናሲር አጨበጨበ። ኦቦ ወዬሳ አላጨበጨቡም፣ አልሣቁም።

እኔ ግን አጋጣሚውን አላሳለፍሁትም። ሰልባቲዮውን ከሩቡ በታች እንዳያደርሱ፣ ናፍጣ ሳያጠልሉ እንዳይጨምሩ፣ ማኖቬላ ሲይዙ አውራ ጣታቸውን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን እንዲያደርጉ መከርኋቸው። የተጋረደ ነገር ሲበላሽ የሚያርመው እንደማያገኝ፣ የታየ ነገር ግን አንዱ ያላየውን ሌላው እንደሚያይለት አስረዳሁ። ለጎረቤት ቢያርሱ ጎረቤት ወረፋ ይዞ ናፍጣ እንደሚያመጣ፣ ሙያውን ለሌላ ቢያሳዩ እሳቸው ሲደክሙ ትራክተሩ እንደማይቆም፣ እንዲህ እያልሁ ብዙ ሄድሁ።

«ገባኝ» አሉ ከመቀመጫው ላይ ሆነው። «አሁን ና፣ ውጣ ከኋላ።»

ወደ መሬታቸው የሚነዱ መስሎኝ ነበር። አጥሩን በትራክተሩ አፍንጫ ገፍተው ወጡና መንገዱን ተሻግረው ወደ እልፍነሽ ቤት ነዱ። እሷ ደጃፏ ላይ ምስር ትለቅም ነበር። ድምፁን ስትሰማ ምስሩን ትታ ተነሳች፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች፣ ወደ ግድግዳው ዞረች። እንዲህ ማድረጉን እጅግ ለምዳው ነበር፤ ማየቱ ያማል።

ኦቦ ወዬሳ ከበሯ ፊት ሲደርሱ ሞተሩን አጠፉት። እኔ ክው አልሁ። ሁለት ዓመት የቆመ ሞተር፣ ገና ሳይሞቅ፣ ሰኞ ሊለኩ ሰው እየመጣ ይጠፋል? ልናገር አፌን ከፈትሁና መልሼ ዘጋሁት። ሽማግሌው ወርደው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እልፍነሽ፣ የተናገርሁብሽ ሐሰት ነው። ለእድሩም እሑድ በሰው ፊት እናገራለሁ። ዛሬ በመጀመሪያ የሚታረሰው የአንቺ መሬት ነው። አሁን ዞረሽ እይው።»

ነጠላዋን ይበልጥ ወደ ፊቷ ሳበች።

«ይተዉኝ፣ ኦቦ ወዬሳ» አለች ወደ ግድግዳው። «አይቼው ደግሞ ባይነሳስ?»

«ባይነሳ አየር ነው» አሏት።

እልፍነሽ ነጠላዋን ከፊቷ አንስታ ዞረች። መጀመሪያ እሳቸውን አየች፣ ቀጥላም ትራክተሩን፤ ዓይኗ እስኪጠግብ አየችው፣ ማንም አልከለከላትም።