ለደሴ ዋስ የጠፋ ዕለት

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ በእኛ ጊዜ ስል ደግሞ ከኖኅ ጋር መርከብ የገባሁ አታስመስሉኝ፤ ፀጉሬ ገና ግማሹ ጥቁር ነው። በእኛ ጊዜ ባል ሚስቱን ሲመታ ሚስት አኩርፋ አባቷ ቤት ትሄዳለች፣ ባል ሽማግሌ ይልካል፣ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ባል ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይላል፣ ከዚያ ዋስህን ጥራ ይባላል፣ ዋሱም ብድግ ብሎ ሁለተኛ እጁን እንዳያነሣባት እኔ አለሁ ይላል፣ ይመረቃል፣ ይበላል፣ ሴቲቱም ጓዟን ይዛ ትመለሳለች። አለቀ። ታዲያ አገሩ ሁሉ ይሄን እርቅ ይለዋል። እርቅ አይደለም አልልም፣ ስንት ቤትም አቁሟል፤ ግን ስንቷ ናት በዋስ እየተመለሰች፣ በዋስ እየተመለሰች ያረጀችው?

ትዕግሥት፣ ያንን ስልክሽን አታስጠጊብኝ፤ የእኔ ድምፅ እንኳን ስልክ ውስጥ እብናትም ይደርሳል። ዩኒቨርስቲ የምትማሪው ሶስዮሎጂ ነው አልሽኝ አይደል? ስለ ባልና ሚስት፣ ስለ ልጅ አስተዳደግ፣ ስለ ሥራና ስለ ቤት አጫውችኝ አልሽ። ደግ። እኔ ከአራተኛ ክፍል ነው የወጣሁት፣ ከዚያ ወዲህ ያስተማረኝ የቅቤ ንግድ ነው። ግን ለአንቺም ሽማግሌ ሊላክልሽ ነው መባሉን ሰምቻለሁ። አትሽኮርመሚ። ይሄን የምነግርሽ ለትምህርትሽ ብቻ አይደለም።

ስለናትን እናንተ ትንንሾቹ አታውቋትም፤ የታናሽ ወንድሜ የባዬ ልጅ ናት። ባዬ ገሳይ አጠገብ፣ ከመንገዱ ገባ ብሎ የሚያርስ ገበሬ ነው። ስለናት ደሴን አግብታ እዚሁ ደብረ ታቦር ገባች። ደሴ ባጃጅ ነጂ ነው፣ ሳቂታ ነው፣ ሰው አክባሪ ነው፤ እኔን እንኳ ገበያ ሲያገኘኝ «እትዬ አንጓች፣ ይግቡ» ብሎ ከነቅቤዬ በነጻ ቤቴ ድረስ ያደርሰኝ ነበር። ይሄን የምላችሁ ሚስቱን የሚመታ ሰው ቀንድ ያለው እንዳይመስላችሁ ነው። ቀንድማ ቢኖረው ገና ከሩቅ እናየው ነበር።

እና የቤት ኪራይ ሲከብዳቸው ራሱ ደሴ ነው ሥራ የፈለገላት፣ አንድ መሥሪያ ቤት በጽዳት ገባች። ታዲያ የውጭው ሥራ ሲጨመር ከቤቱ ሥራ የተቀነሰ ነገር አለ? ምንም። ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ ውኃ ቀድታ፣ ምሳ ሠርታ፣ ልጇን አልብሳ አማቷ ቤት አድርሳ፣ ቢሮ ስትጠርግ ውላ፣ ልጇን አዝላ ተመልሳ፣ ደግሞ እራት። እሱ ባጃጁን አቁሞ ሲገባ እራት ካልቀረበ «ቢሮ ውላ ንግሥት ሆናብኛለች» ይላል። እኔ አንድ ቀን «አንተ ደሴ፣ ቀኑን ሙሉ መሪ የሚያዞር እጅ ማማሰያ ማዞር ያቅተዋል?» ብለው ሳቀ። «እትዬ አንጓች ቀልደኛ ነዎት» አለኝ። እኔ ግን አልቀለድኩም ነበር።

ምን አልሽ ትዕግሥት? ሁለተኛ ፈረቃ ይባላል? ሴት ከሥራ ወጥታ ቤቷ ስትገባ ሁለተኛ ፈረቃ ገባች ይባላል? ጎሽ፣ እንኳን ስም ወጣለት። ግን ፈረቃ ከሆነ ለምንድን ነው ተራው ለእሱ የማይደርሰው? እሱን ጠይቂልኝ።

ታዲያ አንድ ቀን እራት ዘገየ ብሎ ከንፈሯን መታት። ገሳይ አባቷ ቤት ሄደች፣ ሽማግሌ መጣ፣ ተመለሰች። ሌላ ቀን ደግሞ ክንዷን። ገሳይ ሄደች፣ ሽማግሌ መጣ፣ ተመለሰች። ሁለቱንም ጊዜ ዋሱ አቶ መንገሻ ነበሩ። አቶ መንገሻ የደሴ የሟቹ አባቱ ጓደኛ ናቸው፣ እና ዋስ መሆን ይወዳሉ፤ ለበሬ ሽያጭም እሳቸው፣ ለጠብም እሳቸው፣ ለባልና ሚስትም እሳቸው። ዋስ ጥራ ሲባል ማንም ሳይጠራቸው ጋቢያቸውን እንዲህ ወደ ትከሻቸው መለስ ያደርጉና ጉሮሯቸውን ይጠርጉና «እህ... ዋሱማ እኔ ነኝ» ይላሉ። ከዚያ በልተው፣ መርቀው ወደ ቤታቸው።

ሦስተኛው ጊዜ ስለናት ወደ ገሳይ አልሄደችም፤ በጠዋት እኔ ቤት መጣች። ዓይኗ አብጧል፤ እሱን አልተርክላችሁም። እሷን አስተኛሁና ከልጇ ከናሆም ጋር ቀረሁ። ናሆም ያኔ ገና ትምህርት ቤት አልገባም፤ ኪሱ ሙሉ የለስላሳ ቆርኪ ነበር፤ ቆርኪዎቹን መደቡ ላይ እንደ መኪና ደርድሮ መጫወት ጀመረ። እና በመንገዱ ባጃጅ አለፈ። ልጁ ብድግ አለ፣ ቆርኪውን ሁሉ ሰበሰበ፣ አልጋ ሥር ከተተ፣ ራሱም ገባ። የባጃጁ ድምፅ ሲርቅ ወጣ፣ እንደገና ደረደረ። ሌላ ባጃጅ። እንደገና ሰበሰበ፣ ገባ። እስቲ ፍረዱኝ፣ ደብረ ታቦር ባጃጅ የማያልፍበት ሰዓት አለ? ልጁ ቀኑን ሙሉ ሲደረድርና ሲሰበስብ ዋለ።

«ናሆምዬ፣ ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።

«አባዬ ሲመጣ ቤት መዝረክረክ የለበትም» አለኝ።

በማግስቱ ሁለቱንም ይዤ ሚኒባስ ተሳፍረን ገሳይ ወረድን።

ባዬ ክፉ አባት አይደለም። የልጁን የስለናትን ፊት ሲያይ ወደ ጓሮ ዞረ፣ እዚያም ብዙ ቆየ። ተመልሶ ግን ያው የፈራሁትን ነው የነገረኝ፤ ሽማግሌ መምጣቱ አይቀርም፣ ቄሱም አብረው ይመጣሉ፣ ይቅርታ ከጠየቀና ዋስ ከጠራ አልሰጥም ብሎ ሽማግሌ ማሳፈር አይቻልም፣ ነገ ከብቱ ሲጠፋ፣ ሰው ሲሞትበት ከማን ጋር ይኖራል? «ባዬ፣ ሽማግሌው መጥቶ ይሄዳል፣ እዚያ ቤት የምትቀረው እሷ ናት» አልኩት። «እታለሜ፣ አታካብጂው» አለኝ። እኔ ጮህኩ፣ እሱም ጮኸ፣ ያው ወንድምና እኅት ነን። ስለናት በመካከላችን ገባችና እንዲህ አለች፦

«አባዬ፣ ሂጂ ካሉኝ እሄዳለሁ። ናሆም ግን እዚህ ይቅርልኝ። ባጃጅ የማይሰማበት ቦታ ይደግ።»

ባዬ በሬዎቹን ሊያይ ወጣ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ መጡ። ቄሱ አሉ፣ ሁለት ሽማግሌዎች አሉ፣ አቶ መንገሻ አሉ፣ ደሴ ድንጋዩን ትከሻው ላይ ተሸክሞ ከኋላ፣ እና ያልጠበቅናቸው እናቱ፣ እትዬ ዘርፌ፣ የልጅ ልጃቸውን ይዘው ለመመለስ አብረው መጥተዋል። ዝምተኛ ሴት ናቸው። ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተሸፋፍነው ከእኛ ከሴቶቹ ጋር ጥግ ተቀመጡ። ከዚያ ያው የምታውቁት ሆነ። አንዱ ሽማግሌ ድምፁን አወፍሮ ምላስና ጥርስ እንኳን ይጋጫል አይነት ንግግር አደረገ፣ ሌላው ወጣትነት ነው አለ፣ ደሴ አጎንብሶ አጥፍቻለሁ አለ፤ መቼም ሲለው ያሳዝናል፣ እኔን እንኳ አሳዘነኝ። ባዬ መሬት መሬት ያያል። ስለናት ደግሞ የአባቷን ፊት ታያለች።

ቄሱ «በል እንግዲህ ልጄ፣ ዋስህን ጥራ» አሉ። አቶ መንገሻ ጋቢያቸው ወደ ትከሻቸው ወጣ፣ ጉሮሮ ተጠረገ።

ሴት በሽማግሌ መካከል እንደማትናገር አውቃለሁ፣ ግን አፌ ቀደመኝ። «አቶ መንገሻ፣ ይቀመጡ» አልኳቸው፤ «እርስዎ ዋስ ሆነው ያየነውን አይተናል። የዛሬው ዋስ እናቱ ይሁኑ።» ጉርምርምታ ተነሣ። ሴት ደግሞ መቼ ዋስ ሆና ታውቃለች አሉ። «እጁን ከወለደችው በላይ የሚያውቀው ማን ነው?» አልኩ። ቄሱ ጢማቸውን እየዳሰሱ ነውር የለውም አሉ። ባዬም ቀና ብሎ አየኝና «እኔም እሳቸውን ነው የምፈልገው» አለ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ የተናገርኩት ነገሩን ላዘገየው ነው እንጂ እትዬ ዘርፌ እሺ ማለታቸውን አልተጠራጠርኩም። ለልጄ ዋስ አልሆንም የምትል እናት አይቼ አላውቅማ።

እትዬ ዘርፌ ተነሡ። ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጡ።

«አባቶቼ፣ ቅር አይበላችሁ» አሉ። «እኔ ለልጄ ዋስ አልሆንም።»

ደሴ «እማ» አለ፣ እንደ ልጅ።

«እጁን አውቀዋለሁ፣ የአባቱ እጅ ነው። እኔም በዋስ ነበር የምመለሰው፣ ዋሱም እኒሁ አቶ መንገሻ ነበሩ። አቶ መንገሻ፣ ቤቴ በልተው፣ መርቀውኝ ይሄዱ ነበር። በሩ ሲዘጋ ግን እርስዎ ውጭ ነዎት፣ እኔ ውስጥ ነኝ።» ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ደሴ፣ አባትህ ከገበያ ሲመለስ የበቅሎውን ኮቴ ስትሰማ የት ነበር የምትገባው?»

ደሴ ድንጋዩ ትከሻው ላይ እንዳለ አንገቱን ደፋ።

«ከእህሉ ጎታ ኋላ ነበር የምትገባው። ልጅህ ደግሞ እኔም ቤት አልጋ ሥር ይገባል። ለእኔ የእውነት ዋስ የሆነ አልነበረም። እሷንም አልዋሻትም።» አሉና ተቀመጡ።

ደሴ ማንም አውርድ ሳይለው ድንጋዩን አወረደውና መሬት ላይ ቁጭ አለ። አለቀሰ አልላችሁም፣ ፊቱን አላየሁትም። ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ የገዛ እናቱ እንቢ ካለች በኋላ ሌላ ማን ይነሣል? አቶ መንገሻም አልተነሡም። ያኔ ባዬ፣ ያ የፈራሁት ባዬ፣ ቀስ ብሎ ተነሣና ቄሱን እጅ ነሣ።

«አባቴ፣ እኔ ሽማግሌ አላሳፈርኩም፣ ደንቡን ነው የያዝኩ» አለ። «ዋስ የሌለው እርቅ የለም። ዋስ እስኪገኝ ልጄ እዚሁ ቤቷ ናት።»

ስለናት እዚያው በተቀመጠችበት ራሷን ጉልበቷ ላይ ደፋች። የቀረበው ምግብ ሳይነካ ቀረ። አቶ መንገሻ ሳይበሉ ከሽምግልና ሲመለሱ ያን ቀን የመጀመሪያቸው መሆን አለበት።

ታዲያ ዋስ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ፍርድ ቤት ሄደች፣ በሕግ ተለያዩ፤ እሱም ቀላል አልነበረም፣ ወሬው፣ ምልልሱ፣ ብቻዋን ኪራይ መክፈሉ። አሁን ከእኔ ቤት ጀርባ ተከራይታ ትኖራለች፣ ሥራዋንም አልተወችም። ቀን ቀን ናሆምን ማን ይጠብቅላታል ብትሉኝ፣ እትዬ ዘርፌ። ይሄ ነው አገሩን ያነጋገረው፤ በልጃቸው ጨክነው ለምራታቸው ልጅ ይይዛሉ አሉ። እሳቸው ግን የልጁን መክሰስ ይዘው ጠዋት ከበሯ ይደርሳሉ።

ደሴ ተለወጠ ወይ? አላውቅም፣ ያላየሁትን አልናገርም። እሑድ እሑድ ልጁን እናቱ ቤት ያያል፣ እናቱ አጠገባቸው ተቀምጠው። ባጃጁን ግን ከሩቅ፣ ከአስፋልቱ ላይ አቁሞ በእግሩ ነው የሚመጣው። እሳቸው ናቸው እንዲያ ያዘዙት። ናሆምም ትምህርት ቤት ገብቷል፤ አሁንም ቆርኪ ይደረድራል። ባጃጅ ሲያልፍ እጁ ቆም ይላል። ቆም ይላል እንጂ አይሰበስብም።

ትዕግሥት ምን ትላለች፣ ልጅ ቤት ውስጥ የሚያየውን ይማራል፣ ዱላ ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል ብለው አስተምረውናል ትላለች። እውነት ነው። ከበቅሎው ኮቴ እስከ ባጃጁ ድምፅ ወርዶ አይተነዋል። ግን መሐል ላይ ቆሞ ከዚህ አያልፍም የሚል ሰው ሲገኝ ይቆማል፤ ይሄንንም ከሥሩ ጻፊበት። እና አሁን ያንቺ ሽማግሌዎች ሲመጡ እኔ ጥግ አልቀመጥም። የሚያገባሽን ልጅ እናት ነው የምጠይቀው፣ ሽማግሌው ሁሉ እየሰማ።

«አክስቴ፣ እኔ አስቀድሜ ጠይቄያቸዋለሁ።»

አንቺ? ራስሽ? ምን አሉሽ ታዲያ?

«ለእጁ ዋስ ነኝ፣ በሰው ላይ አይነሣም አሉ። ሰሃን እንዲያጥብ ግን ዋስ አልሆንም አሉኝ።»

(እትዬ አንጓች እስኪያስላቸው ሳቁ።) እኒህ ሴትዮ እውነተኛ ናቸው። በሉ ሽማግሌዎቹ ይምጡ፤ የሰሃኑን ዋስ ከራሱ ከልጁ አፍ እሰማለሁ።