ፋይሉ ማን እጅ እንዳለ ያነበበው ሰው

አሰላሙ ዓለይኩም፣ የቅሬያችን ሰዎች። ከውጫሌ መርዶ ሰምታችሁ የደረሳችሁ ዘመዶች፣ ከአርዲቦ ማዶ በእግር የመጣችሁ አባቶች፣ አላህ ድካማችሁን ይቁጠርላችሁ። ባዬ፣ ከልጆችህ ጋር ሆነህ መቃብሩን ስትቆፍር አይቻለሁ። ኢምራን የሠላሳ ዓመት ጎረቤትህ ነበር፤ እግዜር ይስጥህ። የማዘጋጃ ቤት ሰዎች፣ እናንተም መጥታችኋል። ሰባት ናችሁ። ቆጥሬአችኋለሁ።

ሸሁ ዱዓውን ጨርሰዋል። አፈሩ ተመልሷል። የቅሬው፣ የዚህ የቀብር ማኅበራችን ዳኛ ስለሆንኩ ሁለት ቃል ተናገር ተብያለሁ። ሁለት አይበቃኝም። እኔ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ ፊደል የለየሁት በራሴ ነው። ያየሁትን ብቻ እናገራለሁ።

ኢምራን ዛሬ ጎህ ሲቀድ ሞተ። ረፋድ ላይ እሱ የሚሠራበት የመዝገብ ቤት በር አዲስ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበታል። በዓይኔ አይቼው መጣሁ። የሟች ገላ ገና ሳይታጠብ ጓጉንቸር ፍለጋ የሮጠው ማነው? ይህን ያዙልኝ። እመለስበታለሁ።

ኢምራንን ለማታውቁት፣ የከተማችን ማዘጋጃ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት። ፋይል ያወጣል፣ ፋይል ይመልሳል። ሹም አልነበረም። መኪና አልነበረውም። ግን ሹሞቹ ስሙን ሲሰሙ መሳቢያቸውን ይፈትሹ ነበር።

ከአራት ዓመት በፊት ዙለይሃ ከጅዳ ተመለሰች። ስምንት ዓመት የሰው ቤት ስትጠርግ ኖራ፣ ሁለት ክፍል ልትሠራ የግንባታ ፈቃድ ጠየቀች። «ፋይልሽ ጠፍቷል» አሏት። አሥራ አንድ ጊዜ ተመላለሰች። በአሥራ ሁለተኛው ከመዝገብ ቤቱ መስኮት ፊት ቆመች። አላለቀሰችም። «ጋሼ ኢምራን፣ መጥፋቱን ተቀበልኩ። ሲጠፋ ማን እጅ ነበር?» አለችው።

ኢምራን መዝገቡን ገለጠ። ፋይል በወጣ ቁጥር የሚፈረምበትን ትልቁን መዝገብ ነው የምላችሁ። ቀን አለ። ፊርማ አለ። ፋይሉ አልጠፋም፤ የአንድ ሰው መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ምን አደረገ? ታስታውሳላችሁ። መዝገቡን ታቅፎ ወጣና የማዘጋጃ ቤቱ ደረጃ ላይ ቆመ። «የዙለይሃ ፋይል፣ የግንባታ ፈቃድ። ሦስተኛው ጠረጴዛ። መቶ አራተኛ ቀኑ» አለ። ከዚያ የባለሙያውን ስም ከነአባቱ ጠራ። በቃ። ስድብ የለም፣ ምክር የለም። ወደ ቀጣዩ ገጽ አለፈ። አንዲት ዶሮ ሻጭ ከታች ሆና፣ «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ዶሮ እንኳ በሃያ አንድ ቀን ትፈለፍላለች! ይኼ ሰውዬ መቶ አራት ቀን ምን ታቅፎ ነው?» ብላ ጮኸች። ገበያው ሳቀ። በማግስቱ ፈቃዱ ወጣ።

ማን እጅ ነው ያለው? ኢምራን ሌላ ጥያቄ አልነበረውም። ውሃ ያልገባለት ሰው ሲመጣ፣ ማን እጅ ነው ያለው? የሙት ልጆች ይዞታ ከቢሮ ቢሮ ሲንከባለል፣ ማን እጅ ነው ያለው? አራት ዓመት ሙሉ፣ በየገበያው ቀን፣ በዝናብም በፀሐይም።

ሊያስቆሙት አልሞከሩም? ሞከሩ። ማስጠንቀቂያ ጻፉለት። ያ አልሆን ሲል ኮሪደሩ ላይ ቴሌቪዥን ሰቀሉ። ከእንግዲህ ሁሉም በሲስተም ነው፣ ግልጽነት መጣ፣ ቅልጥፍና መጣ ተባለ። ስምህን ትፈልጋለህ። ከጎኑ «በሂደት ላይ» ይላል። ኢምራን አንጋጦ አየውና፣ «ሂደት የሚባል ሠራተኛ እዚህ ቢሮ መቀጠሩን አልሰማሁም» አለ። ማሽኑን ጠልቶ አይደለም። ፋይሉን የያዘው ሰው ስም ይጻፍበት ብሎ ጠየቀ። እስከ ዛሬ አልተጻፈም። ለምን? እናንተ ሰባታችሁ ታውቃላችሁ።

አሁን የራሴን ልናገር። ሙንተሲር የወንድሜ ልጅ ነው፤ እዚያው ማዘጋጃ ቤት ይሠራል። አምና ከረመዳን በፊት የአንዲት ባልቴት ፋይል ስልሳ ቀን ይዞ ተገኘ። ስሙ ሊነበብ አንድ ቀን ሲቀረው ኢምራን ቤት ሄድኩ። እኔ! በየስብሰባው ጣቴን የምቀስረው ሰውዬ! «የሙንተሲርን ስም ዝለልልኝ፤ ሠርጉ ደርሷል» አልኩት። ሚስቱ መስኡዳ ሰምታለች። ኢምራን ግን፣ «ጋሼ፣ እሱን ከዘለልኩ እኮ ከነገ ጀምሮ የሚያምነኝ የለም» አለኝ።

በማግስቱ አነበበው። ከነአባቱ። የአባቱ ስም የወንድሜ ስም ነው።

ሰባት ወር አላነጋገርኩትም። ለሶላት ጎን ለጎን ቆመን ሰላምታ ነፈግኩት። በዳዩ እኔ ነበርኩ፤ ወላሂ፣ ያን ጊዜም አውቀው ነበር። ይኸው ለእናንተ ተናገርኩ። ለእሱ ግን አልነገርኩትም።

ወደ ጓጉንቸሩ ልመለስ። ያ መዝገብ አሁን ማን እጅ ነው ያለው?

ምን አልክ? ጮክ በል፣ ከኋላ ያሉት አልሰሙህም። «አባባ፣ ለጥንቃቄ ነው፤ ንብረት እንዳይጠፋ» ይላል የማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊ። ሃያ ስድስት ዓመት ያልጠፋ ንብረት ዛሬ ረፋድ ላይ ሊጠፋ ኖሯል? «ይህ የቀብር ቦታ ነው፤ ነገ ቢሮ ይምጡ» ይላል። ነገ! የእናንተን ነገ ዙለይሃን ጠይቋት።

አይሆንም። የቅሬያችን ደንብ ይታወቃል። ከቀብር በኋላ የተነሳ ጉዳይ ሳያልቅ ቅሬው አይበተንም። ድንበር የገፋውን፣ ከወንድሙ የተኳረፈውን፣ እዚሁ አፈር ላይ ተቀምጠን ጨርሰናል። ቁጭ በሉ። ኃላፊው፣ አንተም። ሱሪህ ይታጠባል።

ማነው የሚነሳው? ሙንተሲር? ምን ይዘሃል?

ቁልፉን ነው። «ያዝ ብለው ሰጡኝ፣ አጎቴ» ይላል። ለማን እንደሰጡት አያችሁ? ለዳኛው የወንድም ልጅ! ዳኛው የሥጋ ዘመዱን አይነካም ብለው።

ለእኔ አትስጠኝ። እኔንም አትመኑኝ፤ አንዴ ለምኛለሁ፣ ሁለተኛም እለምን ይሆናል። ለባዬ ስጠው። ይህ ቁልፍ ያንን በር ይከፍት አይከፍት አላውቅም። ቢከፍትም መዝገቡ ውስጥ ይኑር አይኑር አላውቅም። ቢኖርም ገጾቹ ሙሉ ይሁኑ አይሁኑ አላውቅም። ስለዚህ ከዚህ በቀጥታ በእግራችን እንሄዳለን። ለቅሶ ቤት ከዚያ በኋላ። መስኡዳን አስፈቅጃለሁ፤ «እሱም ይህንኑ ነበር የሚለው» ብላኛለች። ኃላፊው ከፊት ይሂድልን።

ኢምራን፣ ከሹሞቹ ጋር የተጣላህበት ቀን ሁሉ አብሬህ መቆም ነበረብኝ። አልቆምኩም። አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ። አላህ ቀብርህን ያስፋልህ፣ ኑር ያድርግልህ። የገበያው ቀን ከነገ ወዲያ ነው። መዝገቡ ከተገኘ እኔ አነበዋለሁ። ድምፄ እንደ አንተ አይሰማም፤ ግን ማንንም አልዘልም።

ደህና ሁን፣ ወንድሜ። ባዬ፣ ቁልፉን አጥብቀህ ያዝ። እንሂድ።