ብርዝ በጠጅ ብርሌ

ኧረ የወንድሜ ልጅ ሰርግ ላይ የገጠመኝን ልንገራችሁማ! ሃምሳን ከተሻገርኩ ወዲህ መጠጥ ትቻለሁ፤ ማታ ማታ እግሬን ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፌ በጊዜ እተኛለሁ፤ ጤናዬ እንዴት እንደተመለሰ! ግን በእኛ አገር ሰርግ ቤት «አልጠጣም» ማለት ደጋሹን መናቅ ነው። ስለዚህ ያልፈላ የማር ብርዝ በጀሪካን ይዤ ሄድኩ፤ እህቴ በጠጅ ብርሌ ደበቅ አድርጋ ቀዳችልኝ። መልኩ ከጠጁ አይለይም!

አጎቴ አያ ደሴ፣ እንግዳውን ሁሉ «በሞቴ! ጠጡ!» እያሉ የሚያስጨንቁት፣ አጠገቤ ደረሱ። «ምነው፣ ይኸን ሁሉ ጠጥተሽ ሞቅ አላለሽም? ጠጁ ቀጥኖ ይሆን? አምጪ እስቲ!» ብለው ብርሌዬን ነጠቁኝ። ቀመሱት። አዩኝ። ደግመው ጨለጡትና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «አንቺ፣ ይኸ ሸጋ ነገር ከየት መጣ? እኔ'ኮ ሐኪም ከከለከለኝ ወዲህ የሰርግ ጠጅ ሣር ላይ ስደፋ ነው የምውል!» አይሉኝ መሰላችሁ?

ከዚያማ ማን ያስቁማቸው! በየሽማግሌው ፊት እየቆሙ «በሞቴ!» ይላሉ፤ በእጃቸው ያለው ግን የእኔ ጀሪካን ነው። እምቢ ያለ አንድም ሽማግሌ አልነበረም!