እናቴ ቤት ላይ የሚያልፈው አውሮፕላን

ለመስቀል አገሬ አንጋጫ፣ ቤተሰቦቼ ጋ ገብቼ ነው። እናቴ ጓሮ እንሰት እየፋቀች ሳለ ከላይ የአውሮፕላን ድምፅ ተሰማ። መፋቂያዋን ጥላ ተነሳች፤ የእንሰት ጭማቂ የሚንጠባጠብበትን እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ ዓይኗን ጨፈነች። አብራት የምትፍቀው ጎረቤታችን፣ «አንተ አውሮፕላን ጥገና ሥራ ከገባህ ወዲህ አንድም አውሮፕላን እናትህ ሳትጸልይለት አላለፈም» አለችኝ። ሳቄ መጣ። «እማዬ፣ እኔ እኮ አልበርም! ምድር ላይ ሆኜ ሬዲዮኑንና ኤሌክትሮኒክሱን ነው የምጠግነው። ምን እንዳልሆን ነው የምትጸልዪልኝ?»

«አንተማ ምድር ላይ ነህ፣ ምን ትሆናለህ?» አለች ወደ እንሰቷ እየተመለሰች። «እኔ የምጸልየው የአንተን እጅ አምነው እዚያ ላይ ለተቀመጡት ነው። ሲቸኩል የሚረሳ ልጅ እንደወለድኩ አያውቁም እኮ!» ጎረቤታችን በሳቅ ፈረሰች። እኔ ግን ሳቄ ጠፋ።

ሥራ እንደተመለስኩ የአንዱን አውሮፕላን ሬዲዮ ጠግኜ፣ ክዳኑን ልዘጋ ስል እጄ እምቢ አለኝ። ባትሪ አብርቼ ገመዶቹን እንደገና አንድ በአንድ ማየት ጀመርኩ። ባልደረባዬ ሰዓቱን እያየ፣ «ቴስቱ ኦኬ ነው እኮ፣ ምን ቀረህ?» አለኝ።

«ኦኬ ነው» አልኩት፤ «ግን እናቴ ቤት ላይ ነው የሚያልፈው።»