የማሽላው ገዳይና የአበራሽ እግር

«ናፊሳዬ፣ የዘንድሮው ሙቀትስ ጨከነ አይደል? ማንጎሽ ግን ደህና ነው? ... እሰይ።»

አበራሽ ከሸዋ ሮቢት ወደ ጀውሃ በሚሄደው ባጃጅ ከጎረቤቷ ከናፊሳ ጋር ኋላ ተጣብቃ ተቀምጣለች። ከሾፌሩ ጎን የተለጠፈው ደግሞ ባለፎቶ ቤቱ ታምራት ነው። አምና በውሰት ካሜራ፣ ጆንያ ያጠለቀ ገዳይ በቀወት ወረዳ የማሽላ ማሳ ውስጥ ሰው በገጀራ የሚያሳድድበት ፊልም ሠርቷል። «ከሁሉም ተርፈሽ የምትወጪው አንቺ ነሽ» ብሎ አበራሽን አራት ቀን ሙሉ በዚያ ሐሩር አስሮጣት። ኋላ ግን ቦታውን ለእጮኛው ሰጥቶ ከአበራሽ ፊልሙ ላይ እግሯን ብቻ አስቀረ። ከሦስት ሳምንት በፊት ፊልሙ በአዳራሽ መታየት ሲጀምር እናቷ ከጀውሃ ድረስ መጥተው አዩትና ሲያልቅ፣ «ልጄ፣ የቷ ነበርሽ?» አሏት። ያች ጥያቄ እስከ ዛሬ ከደረቷ አልወረደችም።

«ያንን ፊልም አየሽው ወይ? እኔ አምስቴ አየሁት። ሦስተኛ ሳምንቱ ነው፣ ሰው አሁንም በመስኮት ይገባል። ምን ይደረግ፣ ይጣፍጣላ! ገጀራው ካርቶን ነው፤ አንገት ሲነካ ይታጠፋል። ደሙ ድልህ። ከሞቱ አሟሟቱ ይሏል እንዲህ ነው ... ሬሳው ዝንቧን እሽ ብሎ እንደገና ይሞታል። አዳራሹ በሙሉ ‹ተጠንቀቅ፣ መጣችልህ› ይለዋል። በማግስቱ ገበያ ላይ ‹አንተ፣ አልሞትክም እንዴ?› እየተባባልን ስንስቅ እንውላለን። ከተማውን እንዲህ ያሳቀ ማን አለ? ሊያስፈራን ነበር ያሰበው የሚሉ አሉ ... ውሸት ነው። እንደሱ ያለ ብልህ ሰው!»

የታምራት ማጅራት በላብ ረጠበ። አበራሽ አየችው፤ ድምፅዋን ይበልጥ አለሰለሰች።

«‹ሞኝና ካሜራ የያዘውን አይለቅም› አይደል ተረቱ? የሱ ግን ይለቃል። ቆራጥ ነዋ! ገዳዩ የማረውን ሰው እንኳ እሱ ቆረጠው። በእግሬ ግን አልጨከነም፤ እግዜር ይስጠው። እማዬም ኮርታለች። እግሬንስ የወለደችው እሷ አይደለችም?»

ናፊሳ በሻርፗ አፏን ሸፈነች፤ ትከሻዋ ግን ይርገፈገፋል። ሾፌሩም ሳቁን በክላክስ ሸፈነው። ታምራት ዞር አለና መልሶ ወደ መንገዱ ተመለከተ። ቢመልስ «የምታወሪው ስለ እኔ ነው» ማለት ሊሆንበት ነው። ስሙን ማን አነሳው?

አበራሽ ከዚያ ቀን ወዲህ ገና አሁን ቀለል አላት። ጀውሃ ሲደርሱ ወረደች፣ ቀሚሷን አራገፈች፣ ፈገግ አለችና ወደ ናፊሳ ጎንበስ አለች።

«ለጥር ሰርጉ ነው አሉ፤ ደስ ሲል። በይ አንቺም አሚን በይ ናፊሳዬ ... ትዳሩን እንደ ፊልሙ ያድርግለት። አገር ተጋፍቶ የሚያየው፣ አይቶም የማይጠግበው።»