ሚኒባስ ውስጥ ያየሁት አንገት

የልብ ሐኪም አንድ መጥፎ አመል አለው፤ ሰው አጠገቡ ሲቀመጥ ፊቱን ትቶ አንገቱን ያያል። ያሠለጠኑኝ አዛውንት «ማዳመጫውን ከማውጣትህ በፊት ዓይንህን ተጠቀም» እያሉ ነው ያስለመዱኝ። አንድ ቀን ታዲያ ከወልዲያ ወደ አገሬ ወደ ቆቦ ስሄድ እናትና ልጅ አጠገቤ ተቀመጡ። ልጅቱ ሙሽራ ናት፤ የእጇ እንሶስላ ገና አልለቀቀም። በሙቀቱ ሻርፗን ላላ ስታደርገው የአንገቷ ደም ሥር ሲዘል አየሁ፤ ልቧ በመታ ቁጥር ራሷም አብሮ ይነቀነቃል። የልቧ በር አልገጥም ብሎ ደም ወደ ኋላ እየመለሰ እንደሆነ ገባኝና ዓይኔን መንቀል አቃተኝ።

«ማሻ አላህ በል እንጂ!» አለችኝ እናትየዋ ተቆጥታ።

«ማሻ አላህ፣ እናቴ። የልብ ሐኪም ነኝ። ልጅዎን ቶሎ ሆስፒታል ይውሰዷት፤ ታማለች።»

«ታማለች? ገና አሁን የዳርኳትን?» ሻርፑን ስባ አንገቷን ሸፈነችው። «ሐኪም መርምሮ ነው የሚያውቀው። አይቶ ብቻ የሚያውቅማ ሌላ ነው!»

ከኋላ አንዱ «ቡዳ ነው» ብሎ ሲያንሾካሹክ ሰማሁ። መታወቂያዬን አውጥቼ ባሳያትም ዞር ብላ አላየችውም። ሲሳፈሩ ቆቦ ነን ያሉት እናትና ልጅ ቆቦ ሳንደርስ ሮቢት ላይ «ወራጅ አለ!» ብለው ወረዱ። በመስኮት ሳይ ሙሽራዋ ጥቂት ተራምዳ ቆማለች፤ የእናቷን ትከሻ ይዛ ቁና ቁና ትተነፍሳለች።

ከሮቢት የተሳፈረ አንድ ሰው አጠገቤ ሊቀመጥ ሲል ረዳቱ ክንዱን ያዝ አድርጎ «እዛ አይሁን፣ ወደ ኋላ እለፍ» አለው። እኔም ወደ ተወለድኩባት ከተማ ዓይኔን ጨፍኜ ገባሁ።