ከኋላ ለሚመጣው የሚበራ መብራት

«ሌባ! አንቺ ሌባ! አስቀምጪ ያንን!»

ሐጅ ሸሃታ ይህን ሲጮሁ አንድ እግራቸው ነጠላ ጫማ አጥልቋል፣ ሌላው ባዶውን ነው፤ በቀኝ እጃቸውም ግማሹ የተበላ ማንጎ ይዘዋል። በደጃፋቸው ከፊከሱ ዛፍ ሥር ከቆመችው አሮጌ ሞሪስ መኪናቸው ጀርባ አንዲት ወጣት ተንበርክካ፣ የኋላ መብራቱን ቀይ መስታወት በመዳፏ ታገላብጣለች። አንባቢ ነገሩን አጣርቶ ይፍረድ፤ ሐጅ ግን ፈርደው ጨርሰው ማንጎውን ሊወረውሩ እጃቸውን አንሥተዋል።

«ኧረ አባባ፣ እኔ አልፈታሁትም! መንገድ ላይ ወድቆ አግኝቼው ልመልሰው ነው።»

«ወድቆ? ይህች መኪና ከአባቴ እጅ ከወጣች ጀምሮ አንድ ነገር ጥላ አታውቅም!»

ልጅቱ የጭስ ማውጫውን አንጠልጥሎ የያዘውን ሽቦ አየት አደረገች። ሐጅ ሽቦውን አላዩትም። እንዲህ ያለውን ነገር አለማየት ይችሉበታል።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የመድኃኒት ቤቱ የዋጊህ።»

«ጂላን? ያቺ ትምህርት ቤት አልሄድም ብላ እያለቀሰች ደረጃ የምትወርደዋ?»

«አሁን ሳላለቅስ ነው የምወርደው፤ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ጨርሻለሁ።»

ሐጅ አፈሩ። ማንጎውን ዝቅ አደረጉና፣ የይቅርታ መሆኑ ነው፣ ያልተበላውን ወገን ወደ እሷ ዘረጉ። ጂላን አመስግና እምቢ አለች።

በኢስማዒሊያ ያንን መንገድ የሚያውቅ ሁሉ ሐጅ ሸሃታን ያውቃል። ዕድሜያቸውን የጨረሱት በስዊዝ ካናል ላይ ነው፤ በጨለማ በሚያልፉ መርከቦች አፍንጫ ላይ ተቀምጠው ትልቁን ፓውዛ ሲጠብቁ። ሞሪሷን አባታቸው አገር ለቆ ከሚሄድ እንግሊዝ ላይ ገዟት፤ ሐጅ «እመቤቲቱ» ይሏታል፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ በየተራው ገፍቷታል። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ገፍቻታለሁ።

በዚያ ሰሞን ግን በእመቤቲቱ ላይ ክፉ ነገር አንዣቦባት ነበር። ሐጅ ልጃቸውን ሱሄርን አሳፍረው በቲምሳህ ሐይቅ ዳር ፀሐይ ስትጠልቅ ሲመለሱ፣ አንድ ሚኒባስ ጎማው እየጮኸ ከጀርባቸው አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። ሱሄር የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናት፤ ቅጣት መስጠት ለምዳለች። ዓርብ መጥታ ቁልፉን እንደምትወስድ፣ መኪናይቱም ካይሮ ላለ፣ አሮጌ መኪና ለፊልም ሠሪዎች ለሚያከራይ ሰው እንደምትሸጥ ነገረቻቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሐጅ ቁልፉን በክር አድርገው በአንገታቸው አንጠልጥለውታል፤ ሲተኙም አያወልቁትም።

ይህንን ሁሉ ለጂላን ሻይ እያስቀረቡ አጫወቷት። ሰው ሌባ ብሎ የሰደበውን ሰው ሻይ ሲጋብዝ ብዙ ያወራል።

«ያ ሹፌር ዕውር ነው» አሉ።

«ዕውር ቢሆን እንዴት ፍሬን ያዘ?» አለች ጂላን። «መብራትዎስ በርቶ ነበር?»

«ገና ሳይጨልም? ልጄ፣ መብራት የሚበራው ሲጨልም ነው። እሱም መንገዱ ጉድጓድ ካለው። አለዚያ ብልጭ አድርጎ ማጥፋት ነው። የእመቤቲቱ ዲናሞ አርጅቷል፤ መስቀለኛ መንገድ ላይ ስትቆሚ ምንም አያመነጭም። ያን ጊዜ መብራቱ ባትሪውን ምጥጥ አድርጎ ይጨርሰዋል። ከዚያ ማን ይገፋል? አንቺ ትገፊያለሽ?»

በዚህ ሐጅን ማማት ግፍ ነው። ያባቶቻችን ልማድ እንዲሁ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ አብዛኛው ምክንያት ነበረው። ችግሩ ምክንያቱ ሞቶ ልማዱ ብቻውን ሲኖር ነው። ጂላንም የተማረች ብትሆን ይህንን አልሳተችም።

«ልክ ነዎት አባባ፤ እኔም ብሆን አጠፋው ነበር። ግን የሚበላው አምፖሉ ነው። በርቶ ሳለ ነክተውት ያውቃሉ?»

«ጣቴን ልጦኛል!»

«ያ የላጥዎት የባትሪዎ ጉልበት ነው። የድሮ አምፖል ከጠጣው ኤሌክትሪክ አብዛኛውን ሙቀት አድርጎ ያባክነዋል። ኤል ኢ ዲ የሚባለው ግን ጥቂት ጠጥቶ ብዙ ያበራል። የኋላውን በሱ ብንቀይር፣ መስቀለኛ ላይ ቢቆሙም ባትሪዎ አይደክምም። ያኔ የሚያጠፉበት ምክንያት የለም።»

ሐጅ የሻይ ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ።

«አወቅሁት! ያ የባጃጅ ልጆች የሚሰቅሉት ሰማያዊ ብልጭልጭ! እመቤቲቱን የሰርግ አዳራሽ ልታደርጊያት ነው!»

«ኧረ በፍጹም! በቀይ መስታወት ጀርባ ቀይ አምፖል ነው የምከተው። ከውጭ የሚለወጥ ነገር የለም፤ አባትዎ ቢነሡ አይለዩትም።»

«ክንዷንስ?»

ለማያውቅ ሰው፦ እመቤቲቱ እንደ ዛሬ መኪና ፍሬቻ የላትም። በበሮቿ መሀል ከቆመው ብረት ውስጥ ትንሽ ብርቱካናማ ክንድ አላት፤ ወደ ግራ ስትዞር የግራው፣ ወደ ቀኝ ስትዞር የቀኙ ብቅ ይላል። ሐጅ ከልጆቻቸው ሠርግ ይልቅ በዚያ ክንድ ይኮራሉ።

«ክንዷን አልቆርጥም። ውስጧ ያለችውን አምፖል ብቻ ነው።»

«ቢሆንም አልፈልግም። እኔ በዚህ መብራት ስንት ዘመን አይቼበታለሁ።»

ጂላን ይህንን ስትጠብቅ የነበረች ይመስል ወንበሯን ሳብ አደረገች።

«አባባ፣ በመርከብ ጀርባ ላይ ያለው ነጭ መብራት ለማን ነው?»

«ለሚከተለው መርከብ ነዋ! ይሄም ጥያቄ ሆነ?»

«ካፒቴኑ በሱ መንገድ አያይበትም?»

«ካፒቴኑ ማጅራቱ ላይ ዓይን አለው እንዴ?»

«ቢያጠፋውስ? ባትሪ ልቆጥብ ቢል?»

«ያብዳል እንዴ! ከነመርከቡ ይይዙታል! እኔ ራሴ ነበርኩ የምጮህበት…» አሉና ሐጅ በመሀል አቆሙ። የገቡበትን ወጥመድ ገና አሁን አዩት። «መኪና መርከብ አይደለም» አሉ በመጨረሻ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እውነት ነው። መርከብን ሚኒባስ አይከተለውም።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። ሐጅ ግን ሞኝ አይደሉም፤ የሚያምኑት በዓይናቸው ያዩትን ብቻ ነው። ጂላንም ይህ ገብቷት፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል እሳቸውን መንገዱ ማዶ ፉል ሻጩ ዘንድ አቁማ፣ እሷ ከእመቤቲቱ መሪ ፊት ተቀመጠች። መብራቱን አበራች።

«አሁን ፍሬን ረገጥኩ!» ብላ ጮኸች።

«ምኑን?» አሉ ሐጅ።

«ፍሬኑን! እየረገጥኩ ነው!»

ሐጅ ዓይናቸውን አጠበቡ። ፉል ሻጩም ጭልፋውን ይዞ አብሯቸው አጠበበ። አመድ የለበሰ የሺሻ ፍም የመሰለ ነገር ታያቸው፤ እሱም መኖሩን አስቀድመው ስላወቁ ነው። ሐጅ ቀስ ብለው እየተራመዱ ተመለሱና በመኪናይቱ መስኮት አጎነበሱ።

«ሹፌሩ ዕውር አልነበረም ማለት ነው።»

«አልነበረም አባባ።»

«ለሱሄር እንዳትነግሪ። አምፖሎቹን ነገ ይዘሽ ነይ።»

በማግስቱ ጂላን ካቻቢቴና አምፖሎቹን ይዛ መጣች። የዛገውን ማቀፊያ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገች፤ መስታወቶቹን በሳሙና አጠበች፤ ከውስጣቸው የወጣው አቧራ በሐጅ አባት ጊዜ የገባ መሆን አለበት። አዲሶቹን አምፖሎች ከተተች። ሐጅ ማብሪያውን ሳቡት።

ጨለማ።

ፍሬን ረገጡ። ጨለማ።

«ተፋችው!» አሉ ሐጅ፤ ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም። «አላልኩሽም? እመቤቲቱ የዛሬ ምግብ አይስማማትም!»

ጂላን አምፖሎቹን አውጥታ በአባቷ መኪና ባትሪ ላይ ሞከረቻቸው፤ ቦግ አሉ። የድሮውን አምፖል መልሳ ከተተች፤ እሱም እንደ ልማዱ ፍም ፍም አለ። አምፖሉ ደኅና፣ ሽቦው ደኅና፣ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ሞት። ላቧ በግንባሯ ወረደ። ዓርብ ተቃርቧል፤ ይህ ካልሆነላት የሐጅን ቁልፍ ለሱሄር አሳልፋ የሰጠችው እሷ ልትሆን ነው።

ሐጅ ይህን ሲያዩ አንጀታቸው ራራ።

«በቃ ልጄ፣ አትጨነቂ። ባትሪው እንዳይደክም የፖዘቲቩን ገመድ ከቦዲው ልፍታው።»

«የኔጋቲቩን ማለትዎ ነው» አለች ጂላን ቀና ሳትል።

«ፖዘቲቩን ነው ያልኩት። የእመቤቲቱ ፖዘቲቭ ነው ከቦዲ ጋር የሚታሰረው። አባቴም እንዲሁ ነበር የሚያስረው።»

ጂላን ካቻቢቴዋን ጣለች። ግንባሯን መታች። ከዚያ እዚያው መንገዱ ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«አባባ! ይህንን ለምን አስቀድመው አልነገሩኝም?»

«አንቺስ ለምን አልጠየቅሽኝም? ምህንድስና የጨረስሽው አንቺ ነሽ።»

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። የዛሬ መኪና ኔጋቲቩ ነው ከቦዲው የሚታሰረው፤ የዚያን ዘመን የእንግሊዝ መኪና ብዙው ግልባጩ ነው። የድሮ አምፖል ኤሌክትሪኩ በየት በኩል ቢገባ ግድ የለውም። ኤል ኢ ዲ ግን ወደ አንድ ወገን ብቻ እንደሚከፈት በር ነው፤ በተቃራኒ የመጣበትን አያስገባም። ጂላን ይህንን በዩኒቨርሲቲ ተምራዋለች፤ የእመቤቲቱን ጠባይ ግን ከባለቤቷ በቀር የሚያስተምር አልነበረም። ትምህርትና ዕድሜ ቀድመው ቢነጋገሩ ኖሮ ያንን ሁሉ ላብ ባተረፉ።

ጂላን ወደ መለዋወጫ ሱቆቹ ሮጣ በሁለቱም በኩል የሚሠራውን ዓይነት አምፖል ይዛ ተመለሰች። ከተተች። ሐጅ ማብሪያውን እየፈሩ ሳቡት፤ ፍሬኑንም ረገጡ።

«ያ ሰላም!» የሚል የአድናቆት ጩኸት ከማዶ መጣ። ፉል ሻጩ ነው። «ሐጅ፣ እግርዎን ያንሡ! ፉሌ ሁሉ ቀላ እኮ!»

ሐጅ ግን በዓይናቸው ካላዩ አያምኑም። ጂላንን በቦታቸው አስቀምጠው፣ ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ሮጠው ከፉል ሻጩ አልፈው ቆሙና «ርገጪ!» አሉ። ረገጠች። «ልቀቂ! ርገጪ! አሁን ክንዷን!» ክንዷ ከበሮቹ መሀል ብቅ አለች፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ በሰለ ማንጎ ደምቃ። ሐጅ በሁለት እጃቸው ራሳቸውን ያዙ። ከሰገነት ሰው ብቅ ብቅ አለ፤ አንዷ ሴት ሠርግ መስሏት እልል አለች።

«የፊቱንስ?» አሉ ሐጅ እያለከለኩ ተመልሰው። «የፊቱንም ቀይሪልኝ! እንደ ካናሉ ፓውዛ ይሁንልኝ!»

«የፊቱ ይቆይ አባባ። የፊት መብራትዎ የተሠራው ለድሮው አምፖል ነው፤ ዝም ብለን ኤል ኢ ዲ ብንከትበት ብርሃኑ ተበትኖ የሚመጣውን ሰው ዓይን ያጠፋል። ለሚከተለን አስበን ፊት ለፊት ለሚመጣው ካላሰብን ምኑን ተማርነው?»

ሐጅ የፊት መብራቱን በእጅጌያቸው ወልወል አድርገው ተዉት።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሱሄር መኪናዋን ነድታ መጣች። ከመኪናዋ ሳትወርድ መዳፏን በመስኮት ዘረጋች።

«አባዬ፣ ቁልፉን።»

«ተከተይኝ» አሉ ሐጅ። «ባለፈው በሄድንበት መንገድ፣ ባለፈው በሄድንበት ሰዓት። ካላየሽኝ ከነአንገቴ ውሰጂው።»

ጂላን ከሐጅ ጎን ተቀመጠች። መስቀለኛው ላይ ሲቆሙ የሐጅ እጅ ከልማዱ የተነሣ መብራቱን ሊያጠፋ ተንቀሳቀሰ፤ በሌላው እጃቸው ቸብ አደረጉት። ጂላን ወደ ውጭ ዞራ ከንፈሯን ነከሰች። በሐይቁ ዳር ፀሐይ ከውሃው ገባች፤ ከማዶ አንድ ትልቅ መርከብ በአሸዋው ላይ የሚሄድ መስሎ ያልፋል፣ የኋላ መብራቱ በርቷል። ሐጅ ያንን አይተው ፈገግ አሉና ፍሬን ያዙ። በመስታወታቸው ሲያዩ የሱሄር መኪና ከሩቅ፣ እጅግ ከሩቅ ቀስ ብሎ ቆመ።

ሱሄር ወርዳ መጣች። የእመቤቲቱን ጀርባ አየች፤ አባቷን አየች።

«ከሩቅ ነው ያየሁህ። ክንዷንም። የካይሮውን ሰውዬ እምቢ እለዋለሁ።»

ሐጅ ከመኪናቸው ወርደው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እነሆ ጥርጣሬ የነበረው ሰው ሰባኪ ሲሆን!

«ልጄ ሱሄር፣ ስሚኝ። መብራት ላንቺ ማያ ብቻ አይደለም፤ ሌላው አንቺን እንዲያይበት ነው። ሲመሽ ብቻም አይደለም፤ ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ነው የሚበራው። ኤል ኢ ዲ ብዙ አይጠጣም፤ ባትሪም አይጨርስ፣ መስታወትም አያቀልጥ፣ መኪናም አያስገፋ። የሚከተልሽ ሰው በሰላም እቤቱ ሲገባ አንቺም በሰላም ትገቢያለሽ። ሰው ግን አይማርም፤ ምን ታደርጊዋለሽ!»

«አንድ ሰው ሌባ ብሎኝ ነበር እኮ» አለች ጂላን ለሐይቁ።

«ትክክል ነህ አባዬ» አለች ሱሄር ሳቋን እየዋጠች። «ሰው አይማርም። በል ቁልፉ ካንገትህ ይውረድ፣ አንገትህን ቆረጠህ።» ወደ መኪናዋ ተመልሳ አስነሣችና፣ ልታዞረው ወደ ፊት ነድታ ፍሬን ያዘች።

ሐጅ ከጀርባዋ ቆመው አዩ። ጠጋ አሉ። አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ፣ አንድ ጊዜ ወደ ግራ ተመለከቱ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሳይቸኩሉ ወደ መስኮቷ ሄዱና መዳፋቸውን ዘረጉ።

«የግራው ፍሬን መብራትሽ አይበራም» አሉ። «ቁልፉን።»